ያልጠራሁት ላይብረሪ

ሎግ እየጨመቀ የሚያስቀምጥ ትንሽ ፕሮግራም ለሁለት የፕሮሰሰር አይነቶች (አርክቴክቸሮች)፣ ለኤኤምዲ64 እና ለአርም64፣ ፓኬጅ አድርጌ ነበር። ኮዱ አንድ፣ ቨርዥኑ አንድ፣ ሁለቱም ቢልዶች (ኮዱን ወደሚሰራ ፕሮግራም የመቀየር ስራዎች) ያለምንም ኤረር አለቁ። ከዚያ አንዱ ሰርቨር ላይ የተጨመቀውን ፋይል ሌላኛው ላይ ልክፈት ስል፣ የአርም64ቱ ፕሮግራም «ይህን አጨማመቅ አላውቀውም» ብሎኝ ቁጭ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፋይሉን ነው። ኮፒ ሲደረግ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ቼክሰሙን (የፋይሉን ይዘት መፈተሻ ቁጥር) አየሁ፤ ልክ ነው። ቀጥሎ የባይት ቅደም ተከተል ምናምን እያልኩ ግማሽ ቀን አቃጠልኩ። ሁለቱም ሊትል ኢንዲያን መሆናቸውን፣ ማለትም ባይቶችን በአንድ አይነት ቅደም ተከተል እንደሚያስቀምጡ እያወቅኩ! ሰው ሲጨንቀው የማይሞክረው የለም።

ጉዱ የወጣው ሁለቱን ባይነሪዎች (ተሰርተው ያለቁትን የፕሮግራም ፋይሎች) በሪድኤልፍ ሳያቸው ነው። ይህ ትእዛዝ ባይነሪው የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች (ፕሮግራሞች የሚጋሯቸው ዝግጁ ኮዶች) ይዘረዝራል። የኤኤምዲ64ቱ ዝርዝር ውስጥ ዜድስታንዳርድ የተባለው የመጭመቂያ ላይብረሪ አለ። አርም64ቱ ላይ የለም። ወደ ቢልድ ሎጉ ተመለስኩ። ከብዙ መቶ መስመሮች መሃል አንዷ፣ ዜድስታንዳርድ ተፈልጎ አለመገኘቱን ትናገራለች። ኮንፊገር፣ ማለትም ከቢልዱ በፊት ማሽኑ ላይ ምን እንዳለ የሚፈትሸው ስክሪፕት፣ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ወደሚቀጥለው ፍተሻ አልፏል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የኮንፊገር ዝምታ ግን ብዙ ነገር ያስገባል።

ነገሩ ወዲህ ነው። አርም64ቱን የሰራሁት ንጹህ ኮንቴይነር (ከማሽኑ የተነጠለ የስራ ቦታ) ውስጥ፣ ኤኤምዲ64ቱን ግን የራሴ ላፕቶፕ ላይ ነበር። ላፕቶፑ ላይ ለሌላ ስራ የጫንኳቸው የዴቭ ፓኬጆች (ከላይብረሪ ጋር ለመገንባት የሚያስፈልጉ ፋይሎች) ሞልተዋል። ኮንፊገር ካገኘ ያገናኛል፣ ካጣ ትቶ ያልፋል። የጀንቱ ሊኑክስ ሰዎች ይህን «ኦቶማጂክ» ይሉታል። በዚያው ሳይ፣ የሲስተምዲ (የሊኑክስ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይብረሪም ሳልጠራው ላፕቶፑ ላይ በተሰራው ባይነሪ ውስጥ ገብቷል። ዴቢያን በተባለው ሊኑክስ ላይ ደግሞ የፓኬጁ ጥገኝነት (የሚያስፈልጉት ሌሎች ፓኬጆች) ከባይነሪው ስለሚነበብ፣ ያልተጠራው እንግዳ በፓኬጁ ዝርዝር ላይም ተጽፎ ወጣ።

የመጀመሪያው መፍትሄዬ ዜድስታንዳርድን የቢልድ ጥገኝነት ውስጥ መጻፍ ነበር። ሰራ፤ ግን ግማሽ መፍትሄ ነው። ነገ ፍተሻው በሌላ ምክንያት ቢወድቅ እንደገና በዝምታ ይቀራል። ስለዚህ ለኮንፊገር የምፈልገውን «ከዚህ ጋር»፣ የማልፈልገውን «ያለዚህ» ብዬ በግልጽ ሰጠሁት። ልሞክረው ብዬ ላይብረሪውን ከማሽኑ ሳስወግደው ደግሞ ቢልዱ አሁንም አለፈ! ስክሪፕቱ «ተጠቃሚው ፈልጎታል» እና «ካለ ይሁን» የሚሉትን አይለይም ነበር። ትንሽ ፓች (የኮድ ማስተካከያ) ሰራሁና ለፕሮግራሙ ባለቤቶች ላክሁ።

ሜሰን የተባለው የቢልድ መሳሪያ በዚህ በኩል ይሻላል። እዚያ አንድ ፊቸር ይብራ፣ ይጥፋ ወይም ኦቶ (ካለ ብቻ) ይሁን ይባላል፤ ኦቶዎቹን በሙሉ በአንድ ኦፕሽን ማብራት ወይም ማጥፋትም ይቻላል። ሲሜክ በተባለው ሌላ የቢልድ መሳሪያ ላይ እያንዳንዱን ፍለጋ በስሙ መከልከል ይቻላል፣ ግን ስሙን ቀድመህ ማወቅ አለብህ።

ሁሉም ላይብረሪ ሁሉም አርክቴክቸር ላይ አይገኝም፤ የሉዋ ቋንቋ ማስኬጃው ሉዋጂት አንዱ ነው። እንዲህ ሲሆን ለዚያ አርክቴክቸር ብቻ «ያለዚህ» እላለሁ፣ ምክንያቱንም አጠገቡ እጽፋለሁ።

አሁን ሁሉንም ኮንቴይነር ውስጥ ነው የምሰራው። በመጨረሻ አንድ አጭር ስክሪፕት የሁለቱን ፓኬጆች የላይብረሪ ዝርዝር ያነጻጽራል። በየአርክቴክቸሩ ስሙ የሚለያየውን ሎደር (ፕሮግራሙ ሲነሳ ላይብረሪዎቹን የሚጭነውን) ይዘለዋል፤ ሌላ ልዩነት ካገኘ ቢልዱን ይጥለዋል። በቅርቡ አንዱን ጣለብኝ። ላፕቶፔን ልወቅስ ስል፣ ትርፉ ላይብረሪ በዚህኛው ዙር የገባው በአርም64 በኩል ነው፤ ኮንቴይነሩ ውስጥ ለሙከራ ጭኜ የረሳሁት ፓኬጅ ነበር።