«ውክልናው እኮ አልተሰረዘም»

ጥቁር የለበሰች ሴት ሰኞ ጠዋት አባቷ የሰጧትን ውክልናና የቁጠባ ደብተራቸውን ይዛ ባንኩ መስኮት ጋ ቆመች። ማኅተሙ ደህና ነው፣ መታወቂያዋም ይመሳከራል፤ ሒሳቡ ውስጥም በቂ ብር አለ። ወጪው ሊፈረም ሲል ነው የተናገረችው።

«አባቴ ቅዳሜ አረፈ፤ ለሠልስቱ ነው።»

«ነፍስ ይማር እህቴ። በዚህ ውክልና ግን መክፈል አንችልም።»

«ለምን? ውክልናው እኮ አልተሰረዘም! ባለፈው ወርም በዚሁ አውጥቻለሁ።»

«ወካዩ ሲሞቱ ውክልናውም ያበቃል።»

ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ባልናገር ኖሮ ትከፍሉኝ ነበር?» አለች።

አዎ፣ ይከፈላት ነበር። ይህን ግን ማንም አልመለሰላትም። እውነቱን የተናገረች ሐዘንተኛ ባዶ እጇን ወጣች፤ እስከ ዛሬ ያንገበግባል።

ሕጉ የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2232 ሌላ ስምምነት ከሌለ ውክልና በወካዩ ሞት ይቀራል ይላል። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ የወራሾች ነው፤ ደብቆ ያወጣ ልጅ ነገ በወንድምና እህቶቹ ይጠየቅበታል። ለቀብርና ለሠልስት የሚደርሰው የእድር ብር ነው፤ እድር የፍርድ ቤት ወረቀት አይጠብቅም።

ያን ዕለት ሊነገራት ይገባ የነበረው ቀጣዩ መንገድ ነው። አስከሬን ከሆስፒታል ሲወጣ የሞት ማስረጃውን መቀበል፤ በ30 ቀን ውስጥ ወረዳው ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ማስመዝገብና የሞት ምስክር ወረቀት ማውጣት፤ ከዚያ ወራሾች ምስክሮቻቸውን ይዘው ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ መጠየቅ። ሟች ጡረታ ይቀበሉ ከነበረ ቶሎ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ከሞቱ በኋላ የገባው ብር ተመላሽ ይጠየቃል።

ሴትዮዋ ከወራት በኋላ ማረጋገጫውን ይዛ ተመለሰች። አሁንም አልተከፈላትም። በደብተሩ ላይ የአያት ስም «ገ/ማርያም» ነው፤ በሞት ምስክር ወረቀቱና በፍርድ ቤቱ ውሳኔ ላይ «ገብሬ»። ወረዳ ስትሄድ አያትየው ቤት ውስጥ የሚጠሩበትን ስም ነው ያስመዘገበችው። እንደገና ወረዳ፣ እንደገና ፍርድ ቤት። ስለዚህ ለምዝገባ ሲኬድ የሟችን መታወቂያ፣ የባንክ ደብተርና የቤት ካርታ ይዞ ስሙን ፊደል በፊደል ማመሳከር ነው፤ መዝጋቢው ማኅተም ከመምታቱ በፊት።