ጾሙ ተፈታ እንጂ ጸሎቱ አልተፈታም

ሁዳዴ ሲገባ እዚህ ስቶክሆልም ያለን ሐበሾች እንደዋወላለን፣ "እንኳን አደረሰሽ፣ ጾሙ እንዴት ይዞሻል?" እንባባላለን፣ ቴሌግራሙ በስብከትና በመዝሙር ይሞላል፣ ዓመቱን ሙሉ ያላየነው ሰው ሳይቀር ነጠላውን ይዞ ይመጣል። ፋሲካ አልፎ ሁለት ሳምንት ሲሆነው ግን ሁሉም ጭጭ ይላል። "ጸሎቱስ እንዴት ይዞሻል?" ብሎ የሚደውል ሰው አላጋጠመኝም። ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ስለዚች ስለማንነጋገርባት ጊዜ ነው፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ስላለው ሃምሳ ቀን፣ ምክንያቱም እዚህ አገር ምድሩ በደንብ የሚለመልመው ያኔ ነው፣ የኔም ጸሎት ዘንድሮ እንደ አዲስ የተነሳው ያኔ ነው።

መጀመሪያ ዊንተሩን ላልኖረበት ሰው ልንገር። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። እኔ የምሠራው በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያንን መንከባከብ ነው፣ እዚህ ሄምሼንስት ይሉታል፣ በጨለማ ወጥተሽ በጨለማ ትገቢያለሽ፣ መሐል ላይ ያለችውን ብርሃን ደግሞ ከአንዱ ሰው ቤት ወደ ሌላው ስትሮጪ ታልፍሻለች። እንደዚህ ሲሆን የሚደክመው ሰውነት ብቻ አይደለም፣ ጸሎትም ያጥራል። ውዳሴ ማርያም የነበረው አቡነ ዘበሰማያት ብቻ ይሆናል፣ እሱም ደግሞ ቀስ እያለ ሰማያዊው ባቡር ውስጥ ቁጭ ብሎ ማማተብ ይሆናል። ያነጋገርኳቸው እህቶች አብዛኞቹ እንደዚሁ ነው የሚሉኝ። እምነት ጠፍቶ አይደለም እኮ። አገር ቤት ጸሎታችንን የሚይዝልን ብዙ ነገር ነበረ፣ ሌሊት በድምፅ ማጉያ የሚሰማው ኪዳን፣ ነጠላዋን አጣፍታ በራችን ላይ የምታልፈው ጎረቤት፣ ሁዳዴ ሲገባ የሚዘጋው ሥጋ ቤት፣ ከፍስክ ወደ ጾም የሚገለበጠው የምግብ ቤት ሜኑ፣ እናታችን የምትለየው ድስት። ሳትወስኚም ትጾሚ ነበር፣ ሰፈሩ ራሱ ይዞሽ ይሄዳል። እዚህ ግን አንቺ ካልያዝሽው የሚይዝልሽ የለም።

ዘንድሮ 2018 ጾሙ የገባው የካቲት 9 ሰኞ ነበር፣ በማግስቱ ማክሰኞ ደግሞ ስዊድኖች ፌትስዳገን የሚሉት ቀን ነው፣ ሰምላ የሚባለውን በክሬም የተሞላ ዳቦ የሚበሉበት። ሥራ ቦታ የቡና ሰዓት ላይ ጠረጴዛው በሰምላ ተሞልቶ ጠበቀኝ። "ቬጋን ሆንሽ እንዴ?" አለችኝ አንዷ። ጾም ላይ ነኝ፣ እስከ ከሰዓት ምንም አልቀምስም፣ ከዛም በኋላ ሥጋና ወተት የለም፣ ሃምሳ አምስት ቀን ነው ስላት ደነገጠች፣ ከዛ ትንሽ አሰብ አድርጋ "የኛም ሰምላ እኮ ድሮ ጾም ሊገባ ሲል የሚበላ ነበር" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ተሐድሶ ከመምጣቱ በፊት እነሱም አርባ ቀን ይጾሙ ነበር። ጾሙ ቀረ፣ ዳቦው ግን አለ፣ እንዲያውም ከጥር ጀምሮ ይበላል። ይሄ ነገር ቀኑን ሙሉ ከውስጤ አልወጣም። እኛስ? ልጆቻችን ከዚህ ሁሉ የሚቀራቸው ዶሮ ወጡና ድፎው ብቻ ቢሆንስ? እግዚአብሔር አያምጣው።

የምግቡ ጉዳይ እዚህ አገር ቀላል ነው፣ ይሄን በግልጽ ልናገር። የአጃ ወተቱ፣ ከአተር የተሠራው "ሥጋ"፣ ያለ ወተት የተሠራው አይስክሬም ሳይቀር በየሱፐርማርኬቱ ሞልቷል፣ ሳይርብሽና ሳይጎድልሽ ሁዳዴን መጨረስ ትችያለሽ። ስለዚህ ጾሙ ምግብ መቀየር ብቻ ከሆነ እዚህ ምንም አይሆንም፣ ቬጋኖቹ ዓመቱን ሙሉ ያደርጉታል። የሚከብደው ሰዓቱ ነው፣ መቆሙ ነው፣ ከስልክ ራቅ ብሎ ዳዊት መግለጡ ነው።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ብርሃኑ መመለስ ይጀምራል። በረዶው ይቀልጣል፣ ሜላረን ሐይቅ ላይ የነበረው ግግር ይሰነጠቃል፣ ከዛ ጫካ ውስጥ ብሎሲፓ የሚሏት ትንሽ ሰማያዊ አበባ በደረቀው ቅጠል መሐል ብቅ ትላለች። እኛ አበባ የለመድነው በመስከረም ነው፣ በአደይ፣ ማኅሌተ ጽጌ በሚቆምበት ሰሞን፣ ሁዳዴን ደግሞ የምናውቀው በፀሐይና በአቧራ ነው። እዚህ አበባው ከጾሙ ጋር ነው የሚመጣው። ገና እንደመጣሁ ግራ ይለኝ ነበር፣ አሁን ግን ወድጄዋለሁ፣ ምድሩም አብሮን ወደ ትንሣኤ የሚሄድ ይመስለኛል።

በመጋቢት የፈረንጆቹ የመጨረሻ እሑድ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል፣ ዘንድሮ እሱ ቀን የዋለው ኒቆዲሞስ ላይ ነበር። በሌሊት ወደ ጌታ የሄደው ሰው የሚነገርበት እሑድ፣ የኛም ሌሊት አንድ ሰዓት ተቆርጦ። ቅዳሴው ግማሽ ከሆነ በኋላ የደረሰው ሕዝብ ብዙ ነበር፣ የመጣነው ግን መጣን፣ ወንጌሉ ሲነበብ "ዳግመኛ መወለድ" የሚለው ቃል ለኔ ብቻ የተነገረ ነበር የመሰለኝ።

ከዛ ደግሞ የስዊድኖቹ ስቅለት። የነሱ ፋሲካ ዘንድሮ የኛ ሆሣዕና ላይ ነው የዋለው፣ ስለዚህ ስቅለታቸው መጋቢት 25 ሆነ፣ እኔ ሥራ ነበርኩ። ከምንከባከባቸው መሐል ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት አሉ፣ ስገባ መስኮታቸው ላይ በብርጭቆ ውስጥ የዛፍ ቅርንጫፍ አቁመዋል፣ ነጭ ግንድ ያለው ቢዮርክ የሚሉት ዛፍ ቀንበጥ፣ ጫፉ ላይ ቀይና ቢጫ ላባ የታሰረበት። በየሱቁ ይሸጣል፣ ለጌጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እስኪ ይሄ ምንድነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ያሉኝን መቼም አልረሳውም። ድሮ ስቅለት ቀን ሰው በዚህ ቅርንጫፍ እርስ በርሱ መታ መታ ይደራረግ ነበር አሉኝ፣ የክርስቶስን ግርፋት ለማሰብ፣ እሳቸው አልደረሱበትም፣ ከአያታቸው ነው የሰሙት። በሳቸው ልጅነት ደግሞ ስቅለት ቀን ሲኒማ ዝግ፣ ጭፈራ ክልክል፣ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ መሳቅ እንኳን አይቻልም ነበር፣ "ረጅሙ ዓርብ" የሚሉት በከንቱ አይደለም።

እኔ ደግሞ ስለ ጥብጠባ ነገርኳቸው። በኛ ዘንድ ስቅለት ቀን ስንሰግድ እንውላለን፣ ማታ ሊሰናበት ሲል ወደ ካህን ቀርበሽ ኃጢአትሽን ትናገሪያለሽ፣ በወይራ ቅጠል ትከሻሽን መታ መታ ያደርጉሽና የምትሰግጂውን ቁጥር ይነግሩሻል አልኳቸው። እሳቸው እጄን ይዘው ዝም ብለው አዩኝና "አሁንም ታደርጉታላችሁ?" አሉኝ። አሁንም፣ የሚቀጥለው ዓርብ፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ አልኳቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ። እኔም እንደዛው። ስንት ሰው ጥቁርና ስደተኛ ብቻ አድርጎ በሚያይሽ አገር፣ አንዲት አሮጊት አያቷ የነገረቻትን ነገር አንቺ ጋ በሕይወት ስታገኘው ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ከዛ ቀን በኋላ የያዝኩት ነገር ከባድ መሆኑ ገባኝ፣ ለራሴ ብቻ የያዝኩት አልመሰለኝም።

የኛ ሰሞነ ሕማማት ሰኞው በነሱ ፋሲካ ማግስት ስለዋለ ሥራ ዝግ ነበር፣ ሌላው ግን የሥራ ቀን ነው፣ ዓርብን ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ተቀያይሬ ነው ያገኘሁት። የምንገለገልበት ቤት የስዊድኖች ቤተ ክርስቲያን ነው፣ በኪራይ፣ አግዳሚዎቹን ወደ ግድግዳ እናስጠጋና ምንጣፍ እናነጥፋለን፣ ሲያልቅ እንመልሳለን። ሰግደን ሰግደን ጉልበታችን ሲዝል፣ አጠገቤ የነበሩት እናቶች ገና እንደ ጠዋቱ ነበሩ፣ ከነሱ ነው ብርታት ያገኘሁት። ፋሲካንማ ምን ልበል፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ሌሊቱ፣ ጧፉ፣ እልልታው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከፋሲካ በኋላ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፣ ስግደትም የለም፣ የደስታ ጊዜ ነውና። የማናስተውለው ግን ጾሙ ሲፈታ ሰዓታችንም አብሮ እንደሚፈታ ነው። በሁዳዴ ቀኑ ቅርጽ አለው፣ እስከ 9 ሰዓት ትቆያለሽ፣ ከዛ ጸሎት፣ ከዛ ማዕድ፣ ርሃቡ ራሱ ቀስቃሽ ነው። ፋሲካ ሲመጣ ቀስቃሹ ይሄዳል፣ በዛ ላይ ደግሞ እዚህ አገር ፀሐዩ የሚወጣው ያኔ ነው፣ ሰው ሁሉ ወደ ፓርክ፣ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ግሪል። ሃምሳ አምስት ቀን የሰበሰብነውን በሃምሳው ቀን እንበትነዋለን። ለንስሐ አባቴ ደውዬ ይሄንኑ ነገርኳቸውና እንዲህ አሉኝ፣ "ልጄ፣ ጾሙ ተፈታ እንጂ ጸሎቱ አልተፈታም። ቤተ ክርስቲያን አትስገጂ አለችሽ እንጂ አትቁሚ አላለችሽም። በይ ቆመሽ አመስግኚ።"

በቃ እሱን ያዝኩ። የመጀመሪያውን ሳምንት ቀኖቹን በስማቸው እየጠራሁ አሳለፍኩ፣ ሰኞ ማዕዶት፣ ማክሰኞ ቶማስ፣ ረቡዕ አልዓዛር፣ ሐሙስ የአዳም ሐሙስ፣ ዓርብ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ቅዱሳት አንስት፣ እሑድ ዳግም ትንሣኤ። እያንዳንዱ ቀን የራሱ ሰው አለው፣ ስለዚህ ጠዋት ስነሳ ዛሬ የማን ቀን ነው ብዬ ነው የምነሳው፣ ለምሳሌ የቅዱሳት አንስት ቀን ሽቱ ይዘው በማለዳ ወደ መቃብር የሄዱትን ሴቶች እያሰብኩ በማለዳ ወደ ሥራ መሄድ ሌላ ነገር ነው፣ እኔም ቀኑን ሙሉ የማደርገው የደከመ ሰውነት ማጠብና ቅባት መቀባት ነውና። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ደግሞ የሐዋርያት ሥራን ጀመርኩ፣ 28 ምዕራፍ ነው፣ በቀን አንድ ብታነቢ ጰራቅሊጦስ ሳይደርስ ታልቃለች፣ ወቅቱም የሷ ነው።

ብርሃኑም ረዳኝ። ግንቦት ላይ እዚህ ፀሐይ የምትወጣው ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ነው፣ ወፎቹ ከዛም በፊት ይጀምራሉ፣ መጋረጃ ብትዘጊም ትነቂያለሽ። ጎረቤቶቼ ጥቁር መጋረጃ ይገዛሉ፣ እኔ ዘንድሮ የኔን አወረድኩት። ከሥራ በፊት ያለችዋ ሰዓት ለዳዊት ሆነች፣ አንድ ንጉሥ፣ ማለትም አሥር መዝሙር፣ አንዳንዴ ግማሹን፣ ቆሜ። ስልኬን ሌላ ክፍል ነው የማሳድረው። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ጾም ባይኖርም የምሳዬን ገንዘብ ለብቻው አኖራለሁ፣ አገር ቤት ለሚያስፈልገው ሰው ይሄዳል።

ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን ልጄ ናት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፣ አማርኛዋ ትንሽ ይሰባበራል፣ ግዕዝማ የት ታውቃለች። ግን ጠዋት ጫማዋን ስታስር "ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን" እላታለሁ፣ "በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን" ትላለች፣ "አሰሮ ለሰይጣን" ስል እሷ "አግዐዞ ለአዳም" ብላ ትጮሃለች፣ ደረጃው ሁሉ ያስተጋባል፣ "ሰላም"፣ "እምይእዜሰ"፣ "ኮነ"፣ "ፍሥሐ ወሰላም"፣ ከዛ በሩን ዘግተን እንወጣለን። ከፋሲካ ጀምሮ አንድ ቀን ብረሳ እሷ ታስታውሰኛለች። ምን ማለት ነው ብላ ስትጠይቀኝ ሰይጣንን አሰረው፣ አዳምን ነፃ አወጣው ብዬ ነገርኳት፣ ያን ቀን ትምህርት ቤት ሄዳ ለጓደኞቿ በስዊድንኛ አስተምራ መጣች።

ግንቦት ልደታም ቅዳሜ ስለዋለ ሸስታ አካባቢ ያለን እናቶች ሜዳ ላይ ወጣን፣ ንፍሮ ቀቅለን፣ ዳቦ ቆርሰን፣ ልጆቹ ሲሯሯጡ እኛ ውዳሴ ማርያም ደገምን። የሚያልፉት ፈረንጆች ቆም ብለው ያዩናል፣ ንፍሮውን አቀመስናቸው።

የፊታችን ሐሙስ ግንቦት 13 ዕርገት ነው። የስዊድኖቹ ባለፈው ሐሙስ ነበር፣ እሱ ሥራ ዝግ ነው፣ የኛ ግን የሥራ ቀን ሆነ። ማታ ከሥራ በኋላ አምስት ስድስት ሆነን እኔ ቤት ልንሰበሰብ ተነጋግረናል፣ የሐዋርያት ሥራን ምዕራፍ አንድ እናነባለን፣ ቡና አለ፣ ድፎ አንዷ ታመጣለች። እዚህ ከተማ ያላችሁና ብቻችሁን የሆናችሁ እህቶች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻውን እልካለሁ፣ ልጆች ይዛችሁ ኑ። ሌላ አገር ያላችሁ ደግሞ ከአንድ ሰው ጋር ተደዋወሉና ጰራቅሊጦስ እስኪደርስ አብራችሁ አንብቡ፣ ግንቦት 24 ሰኞ የሰኔ ጾም ይገባል፣ ያኔ ቆመን ይቀበለን።