24 ሰው በሚይዝ የጥንት ቤት ፋሲካን ስናከብር

የ2016 ዓ.ም ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነበር። በፈረንጆቹ ሜይ 5፣ 2024 መሆኑ ነው። ማግስቱ ሰኞ ደግሞ እንግሊዝ አገር ሥራ ዝግ ነው። እንዲህ ያለ አጋጣሚ በየዓመቱ አይገኝም። ለንደን፣ ሊድስና በርሚንግሃም የተበተንን ዘመዳሞች አንድ ጣሪያ ሥር እንፈስክ ተባለ። አዘጋጅ ተደርጌ የተመረጥኩት እኔ ነኝ።

ሆቴል አልፈለግንም። ሆቴል ከሆነ ሁሉም በየክፍሉ ይገባል፣ ዶሮ ወጥም አይሠራም። እንግሊዝ ገጠር ውስጥ ግን የድሮ ባላባቶች ቤት ሞልቷል። እንዲህ ያለ ቤት ጣሪያው ብቻ ገንዘብ ይበላል፤ ስለዚህ ብዙ ባለቤቶች ለዕረፍት ያከራዩታል። መጀመሪያ ያየሁት ላንድማርክ ትረስትን ነበር። በፈረንጆቹ ከ1965 ጀምሮ ሊፈርሱ የደረሱ ታሪካዊ ቤቶችን እያደሰ የሚያከራይ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ቴሌቪዥን አያስገባም፤ ይሄን ወድጄለታለሁ። ግን አብዛኞቹ ቤቶቹ ለኛ ያንሳሉ። ዴቨን ያለው ትልቁ ዎርታም ማነር እንኳ የሚያስተኛው 15 ሰው ነው። ዞሬ ዞሬ ከግል ባለቤት፣ ባዝ ከተማ አጠገብ 24 ሰው የሚይዝ ቤት አገኘሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኛ ሰው ስንጠራ አንቆጥርም፤ ቤቱ ግን ይቆጥራል። 24 ማለት 24 ነው። የእሳት አደጋ ደንቡም ኢንሹራንሱም የተሠራው በዚያ ቁጥር ነው። ምሳ በልቶ የሚመለስ እንግዳ እንኳ ከቁጥሩ ሊገባ ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዘመዶቼን ስለማውቃቸው ለ24 ተከራይቼ 22 ሰው ብቻ ጠራሁ። ሁለቱን አልጋ ለማንም አልተናገርኩም። እንደጠበቅሁት ስቅለት ሊገባ ሲል አጎቴ ደወሉ። ከዋሽንግተን የመጡ ባልና ሚስት እሳቸው ቤት አርፈዋል።

«ሁለት ሰው ምን ያጣብባል? መሬትም ላይ ይተኛሉ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አልጋ አላቸው። ከዚህ በኋላ ግን አንድ ሰው ቢጨመር ሁላችንንም ያስወጡናል» አልኳቸው። ትንሽ ቅር አላቸው፤ ግን ገባቸው።

ያ ቁጥር ሌላም ነገር ይደብቃል። 24 ሰው ያስተኛል ሲባል የሳሎን ሶፋ አልጋም ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ፎቶውን ትቼ የወለሉን ፕላን አስላክሁ። መታጠቢያ ቤቱ ስንት ነው? ምድር ቤት መኝታ አለ? ሊፍት የለም፣ ደረጃው ጠባብ ነው፣ የአክስቴ ጉልበት ደግሞ አይችልም። ሁሉም ሰው አንድ ላይ የሚበላበት ጠረጴዛ አለ? ሙቅ ውሃው ለስንት ሰው ይበቃል? ለመጨረሻው ጥያቄ የተሰጠኝ መልስ «በፈረቃ ታጠቡ» የሚል ነበር። ቢያንስ ሐቀኛ መልስ ነው። ክፍሉንም ከመሄዳችን በፊት ደልድዬ በቫይበር ላክሁ። እዚያ ደርሶ መደልደል ጠብ ነው።

ገንዘቡን እንደ እቁብ ሰበሰብን። ቁርጥ ያለ ቀን፣ አንድ ሰብሳቢ፣ ልጆች በነፃ። ካልከፈለ ስሙ አልጋ ላይ አይጻፍም። ጨካኝ ይመስላል፤ ግን ቀሪው ክፍያ ቤቱ ውስጥ ከመግባታችን ከሁለት ወር በፊት ያልቅ ነበር፣ እኔ ደግሞ ባንክ አይደለሁም። ተመላሽ የመያዣ ገንዘብም ለብቻው አለ።

ቤቱ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው። እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ የተመዘገበ ቤት ያለ ፈቃድ መለወጥ ወንጀል ነው። ብዙዎቹ መስኮታቸው ነጠላ መስታወት የሆነውም አንድም በዚህ ነው። ሜይም ቢሆን ሌሊቱ ይበርዳል። ጋቢ ያመጣ ተመሰገነ። አክስቴ ገና በሩ ላይ «ልጄ፣ ይሄ ቤተ መንግሥት ነው በረዶ ቤት?» አሉ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዘን አልሄድንም፤ ለድሮ የመብራት መስመር ከባድ ነው። እንጀራውም ወጡም የመጣው ከለንደን ነው። ማድ ቤቱ ውስጥ አጋ የሚባለው ትልቅ የብረት ምድጃ ነበር። ሁልጊዜ ግለቱ አይጠፋም። ሽንኩርት ለማቁላላት ያስቸግራል፤ ዶሮ ወጥ እንደሞቀ ለማሳደር ግን ወደር የለውም። ሌሊት ቅዳሴውን በስልክ ከአዲስ አበባ ተከታተልን። እዚያ ሰዓቱ ከኛ በሁለት ስለሚቀድም ቶሎ ፈሰክን፤ ልጆቹ ደስ አላቸው። በግ ገዝተን እዚያው እንረድ ያለ ሰውም ነበር። ሥጋው ከሥጋ ቤት ተገዛ።

ከሰልና ዕጣን ቤት ውስጥ ክልክል ነው፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል። ቡናውን ደጅ፣ የድንጋይ ግቢው ላይ በጋዝ ቆላነው። የእንጨቱን ገበታ ደግሞ በላስቲክ ሸፈንነው። የበርበሬ ወጥ የጥንት እንጨት ላይ ከፈሰሰ የመያዣው ገንዘብ አለቀለት።

እሑድ ከሰዓት ባዝ ሄደን ፌርፊልድ ሃውስን አየን። ጃንሆይ በፈረንጆቹ በ1936 የተሰደዱት እዚህ ነው፤ በ1958 ቤቱን ለከተማዋ አረጋውያን ሰጡት። ሁሉም ዝም ብሎ ያያል። አክስቴ ጋቢያቸውን ጠቅልለው «ጃንሆይስ ይሄን ብርድ እንዴት ቻሉት?» አሉ።

ሰኞ የመውጫው ሰዓት ጠዋት 4 ነበር፤ ቀጥሎ የሚገባ ሰው አለ። የሀበሻ ስንብት ደግሞ ይታወቃል። ለሁሉም «3 ሰዓት እንወጣለን» ብዬ ነገርኩ። የመጨረሻው መኪና ከግቢው ሲወጣ 4 ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።