ለቁፋሮ ብር ከማዋጣታችን በፊት

ባለፈው ወር አንድ ጓደኛዬ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። በረካው ሊቀዳ ሲል ስልኩን አወጣና አንድ ፎቶ አሳየኝ። በእንሰት ቅጠል ላይ የተዘረጋ ገል ነው። አንዱ ስባሪ ላይ በጥፍር የተጫረ የሚመስል ጌጥ አለ፤ ሌላው የማሰሮ አንገት ነው። ከጅማ ብዙም የማይርቅ አንድ ኮረብታ ሥር ገበሬዎች ሲያርሱ ሁሌ የሚወጣ ነው አለኝ። ከማሳው ጎን ደግሞ ሣር የወረሰው፣ ግን የሰው እጅ እንደቆፈረው የሚያስታውቅ ረጅም ቦይ አለ። ቦታው የት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ ምክንያቱን ታች ታገኙታላችሁ።

"እኛው እንቆፍረዋ!" አለኝ።

ዕቅዱን ጨርሶታል። በቴሌብር ብር ይሰበሰባል። ውጭ ያሉ የጅማ ልጆች ይጨምሩበታል። 40 የሚሆኑ ወጣቶች በበጎ ፈቃድ ይወጣሉ፣ አንድ ባለሙያ ይጋበዛል፣ ተማሪ እረፍት በሚሆንበት በክረምት ሥራው ይጀመራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንከራከር ከርመናል። በአካልም በስልክም። ክርክሩ አላልቅ ስላለኝ ልጻፈው ብያለሁ።

መጀመሪያ የእሱን ወገን ልናገር፤ ምክንያቱም ግማሽ ልቤ አሁንም እዚያው ነው። የአገራችን አርኪዮሎጂ ሲነሳ ሰው አእምሮ ላይ የሚመጣው አክሱም ነው፣ ላሊበላ ነው፣ አፋር ነው። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ ከተገኘች ወዲህ የዓለም ዓይን ስምጥ ሸለቆው ላይ ነው። ወደኛ ጎራ የሚል ጥቂት ነው። ሊሙ እናርያን፣ ጎማን፣ ጉማን፣ ጌራን፣ ጅማን፣ እነዚህን አምስት የጊቤ መንግሥታት በአብዛኛው የምናውቃቸው ከሽማግሌዎች አፍና ከተጓዦች ጽሑፍ ነው። ድንበራቸውን በቦይና በአጥር ያስከብሩ ነበር፤ በመካከላቸው ሞጋ የሚባል ሰው የማይሰፍርበት መሬት ይተዉ ነበር፤ መውጫና መግቢያው ላይ ኬላ ነበራቸው። ይህ ሁሉ መሬት ላይ አሻራ ይተዋል። ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሁላችንም ጎብኝተናል፤ ከዚያ በፊት ስለነበረው ግን ልጆቻችንን ወስደን "ይኸውላችሁ" የምንልበት ቦታ የለንም። ጓደኛዬን የሚያንገበግበው ይሄ ነው፤ እኔንም ያንገበግበኛል።

ደግሞ መዋጮ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ደቦ የማን ነው? እድር የማን ነው? ግድቡን ቦንድ ገዝተን የገነባን ሰዎች ለአንድ ኮረብታ ብር ማዋጣት ያቅተናል ወይ? ይሄን ሲለኝ መልስ አልነበረኝም።

ቀጥሎ የእንግሊዝን ምሳሌ አመጣብኝ። ፍላግ ፌን የሚባል ቦታ አለ፣ ፒተርቦሮ ከተማ አጠገብ። እ.ኤ.አ. በ1982 የተገኘ፣ ከ3 ሺህ ዓመት በፊት ረግረግ ላይ በብዙ ሺህ እንጨት የተሠራ መተላለፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ዲግቬንቸርስ የሚባል ድርጅት መንግሥትንም ዩኒቨርሲቲንም ሳይጠብቅ ከሕዝብ በኢንተርኔት ከ25 ሺህ ፓውንድ በላይ ሰብስቦ እዚያ ቆፈረ። ብር የሰጠው ሰው ከፈለገ ራሱ መጥቶ በባለሙያ እየተመራ ይቆፍራል። "አየህ፣ ይቻላል!" አለኝ ጓደኛዬ።

አዎ፣ ይቻላል። ግን ያ ቁፋሮ ለምን ተቆፈረ? ብሩ ስለተገኘ አይደለም። ያ እንጨት ያን ያህል ዘመን የኖረው ውሃ ውስጥ ስለተቀበረ ነው። አካባቢው ሲጠነፈፍ መሬቱ እየደረቀ መጣ፤ እንጨት ደግሞ ሲደርቅ ይበሰብሳል። ቢተዉትም የሚጠፋ ነገር ነበር፤ ምን ያህሉ እንደተረፈ ማወቅ ነበረባቸው። ማለትም ጥያቄ ነበራቸው፣ አጣዳፊ ምክንያትም ነበራቸው። የሕዝቡ ብር ያንን ምክንያት አገዘ እንጂ ምክንያቱን አልተካም። የኛ ኮረብታ ግን ማንም ካልነካው ነገም፣ ከ50 ዓመት በኋላም እዚያው ነው። ገበሬው በበሬ ሲያርስ የላዩን ይበትነዋል፣ እውነት ነው፤ የታችኛው ግን እንዳለ አለ።

ይሄን ነገር አጥብቄ የምይዝበት የራሴ ታሪክ አለኝ። ልጅ ሆኜ አጎቴ ጓሮ መጸዳጃ ጉድጓድ ሲቆፈር አንድ ትልቅ እንስራ ወጣ። አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተከደነ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ጅማ ያደገ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፣ መሬት ውስጥ አንድ ነገር ከተገኘ ወሬው አንድ ነው፦ ጣሊያን የቀበረው ወርቅ! እንስራውን በዶማ ሰበሩት። ውስጡ ጥቁር አፈር ነበር፣ በቃ። አፈሩ ተደፋ፣ ገሉ ለጭቃ ማጠናከሪያ መንገድ ላይ ተበተነ። እኔም በእግሬ እየረገጥኩ ስጫወትበት ነበር። ዛሬ ሳስበው ያ ጥቁር አፈር ነበር ዋናው ነገር። እህል ይሁን፣ ከሰል ይሁን፣ አመድ ይሁን፣ ሊናገር የሚችለው እሱ ነበር። ማንም ተመልሶ ሊጠይቀው አይችልም።

ቁፋሮ እንዲህ ነው። መጽሐፍ አንብበህ መልሰህ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጣለህ፤ የአፈር ንብርብር ግን አንዴ ከተነበበ የለም፣ እያነበብከው ነው የምታጠፋው። የሚተርፈው የጻፍከው ብቻ ነው። በደንብ ካልጻፍክ አልቆፈርክም፣ አፈረስክ እንጂ። ስለዚህ "ቦታው ይገባናል፣ የአባቶቻችን ነው፣ ብሩም የኛ ነው" የሚለው ክርክር ለኔ ብቻውን አይበቃም። አጎቴም ጓሮው የራሱ ነበር።

ቀጥሎ ሒሳቡ። ጓደኛዬ በጀቱን ሲያሳየኝ ዶማ፣ አካፋ፣ ወንፊት፣ ድንኳን፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ የባለሙያው አበል አለበት። ከዚያ በኋላ ያለው የለም። ገሉ ማን ያጥበዋል? ማን ቁጥር ይጽፍበታል? የት ይቀመጣል፣ በማን ቁልፍ? ከሰል ብናገኝ ዕድሜውን ለማወቅ ናሙናው ውጭ አገር ላቦራቶሪ መሄድ አለበት፣ ለዚያም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለአንዱ ናሙና ጥቂት መቶ ዶላር ይከፈላል፣ በዶላር! አንድ ናሙና ደግሞ አይበቃም። ሪፖርቱን ማን ይጽፋል? ሥራው የሚበዛው ከጉድጓዱ ከተወጣ በኋላ ነው፤ ያኔ በጎ ፈቃደኛው ወደ ትምህርቱ ተመልሷል፣ የብር ሰጪውም ስሜት ቀዝቅዟል። በማዳበሪያ ጆንያ ታስሮ የሆነ መጋዘን ጥግ የሚበሰብስ ገል መሬት ውስጥ ቢቆይ ይሻለው ነበር።

ክረምቱንስ? በጅማ ሐምሌና ነሐሴ እንኳን ጉድጓድ፣ መንገዱም ጭቃ ነው። በየቀኑ ዝናብ ሊመጣ እየቻለ የአፈር ንብርብር በብሩሽ እየጠረጉ መለየት አይታሰብም፤ ጉድጓዱ ኩሬ ሆኖ ያድራል። ቁፋሮ የበጋ ሥራ ነው። በበጋ ደግሞ ተማሪው ክፍል ውስጥ ነው።

አንድ የከበደኝ ነገር ደግሞ አለ። በአገራችን ቁፋሮ ሲኖር የሚቆፍረው በብዛት የአካባቢው ሰው ነው፣ የቀን ክፍያ እየተከፈለው። ብዙዎቹ ዓመት ከዓመት እየሠሩ እጃቸው አፈሩን ከማንም በላይ ያውቀዋል። እኛ ከከተማ 40 ወጣት ጭነን "በነጻ እንሠራለን" ብለን ስንሄድ ያ የማሳው ባለቤት ምን ያገኛል? የሚታረስ መሬቱ ተቆፍሮ፣ የቀን ገቢው በኛ በጎነት ተወስዶ? እንግሊዝ ውስጥ ለመቆፈር ሰው ከኪሱ ይከፍላል፤ እዚያም ቢሆን "ለባለሙያ ሊከፈል የሚገባው ሥራ በነጻ እየተሠራ ነው" የሚል ቅሬታ አለ። እዚህ ደግሞ ይብሳል። ነጻ ጉልበት ለኛ ነጻ ነው እንጂ ለእሱ አይደለም።

የሚያስፈራኝ ሌላው ነገር ለሰጪው የምንገባው ቃል ነው። ብር የሰጠ ሰው ውጤት ማየት ይፈልጋል፣ አይፈረድበትም። ፎቶ ይፈልጋል፣ ዘውድ ይፈልጋል፣ አጽም ይፈልጋል። የኛ አፈር ግን እርጥብና አሲዳማ ነው፤ አጥንት አይምርም። እንሰት ዘር የሚጥል እህል አይደለም፣ ሲያረጅ ከአፈሩ ጋር ይሄዳል፤ የእሱን ታሪክ የሚፈልግ ሰው በማይክሮስኮፕ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ እዚህ ጥሩ ቁፋሮ ማለት ብዙ ጊዜ የአፈር ቀለም፣ የምሶሶ ጉድጓድ፣ ከሰልና ገል ነው። ለኔ ይሄ ከወርቅ ይበልጣል። ግን "ሦስት የምሶሶ ጉድጓድ አገኘን" ብለን ለሁለተኛ ዙር ብር ስንጠይቅ ማን ይሰጠናል? ያኔ ነው ሰው ትንሿን ነገር ትልቅ አድርጎ ማውራት የሚጀምረው። ወሬው ሲጋነን ደግሞ ወርቅ ፈላጊው በሌሊት ባትሪ ይዞ ይመጣል። ቦታውን ያልጻፍኩት ለዚህ ነው።

ሕጉም አለ፣ እሱን በአጭሩ ልለፈው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የቅርስ ባለሥልጣን ነው እንጂ መዋጮ ሰብሳቢ ኮሚቴ አይደለም። ጓደኛዬም ይሄን አይክድም።

ታዲያ ዝም እንበል ወይ? አይደለም! እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት፤ "አትቆፍሩ" ስል "አያገባችሁም" ያልኩ መሰለው። ያገባናል። ጋሞ ተራራ ላይ ሞታ ዋሻ ውስጥ የ4,500 ዓመት ዕድሜ ያለው ሰው አጽም ሲገኝ ተመራማሪዎቹን ወደ ዋሻው የመሩት የአካባቢው ሽማግሌዎች ናቸው። አጽሙ ባይራ ተባለ፣ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ዘረመሉ ሲታተም ከአፍሪካ ከተገኘ ጥንታዊ አጽም የተነበበ የመጀመሪያው ሙሉ ዘረመል ሆነ። ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ ላይም ገበሬው ለዓመታት ሳንቲምና የሸክላ ስባሪ ሲያወጣ ኖሯል፤ የድንጋዮቹን ትልቅነት አይቶም "ግዙፋን ሰዎች ይኖሩበት ነበር" ይል ነበር። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያስታወቁት የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድና የንግድ ከተማ እዚያው ነው። ሕዝቡ የሰጠው ዶማ አይደለም፤ እውቀት ነው።

ደግሞ ዙሪያችሁን እዩ። ጅማ እየተቆፈረች ነው፣ እኛ ሳንጀምረው። ለመንገድ፣ ለሕንፃ መሠረት፣ ለውሃ ቱቦ፣ ኤክስካቫተር በየቀኑ መሬት እየገለበጠ ነው። እዚያ ምን ወጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ያው አዋጅ እኮ በግንባታ መሃል ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። የሚጠፋው ነገር ያለው እዚያ ነው፤ የፍላግ ፌን ዓይነት ምክንያት ያለን እዚያ ነው። 40 ወጣት ካለን ለምን በየሰፈሩ ተከፋፍለው አዲስ የተቆረጠ መሬት ሲያዩ ፎቶ አያነሱም? አጠገቡ ሜትር ዘርግተው ጥልቀቱን ለምን አይጽፉም? ለሚመለከተው ክፍል በዚያው ቀን ለምን አይደውሉም? ኮረብታውንስ ቢሆን ሳንቆፍር ቦይው ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ በእግራችን ሄደን መለካት እንችላለን። በዕድሜ የገፉት አባቶች ስለ ቦይውና ስለ ኬላው የሚያውቁትን በአፋን ኦሮሞ እንደተናገሩት መቅዳት እንችላለን። መሬቱ ይጠብቀናል፤ እነሱ ግን አይጠብቁንም።

ባለፈው እሁድ ይሄን ሁሉ ነገርኩት። "ታዲያ ለዚህ ማን ብር ያዋጣል?" አለኝ። እኔ አልኩት። 2 ሺህ ብር በቴሌብር ላክሁለት፤ ማስታወሻው ላይ "ለድምፅ መቅጃና ለመደርደሪያ" ብዬ ጻፍኩ። ብሩን ተቀብሎታል፤ ሐሳቡን ግን ሙሉ ለሙሉ አልተቀበለውም፣ ፈቃድ ከተገኘና ባለሙያ ከመጣ በበጋ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ መሞከር አለብን ይላል። ላቦራቶሪውና ሪፖርቱ በጀቱ ላይ ቀድሞ ከተጻፈ፣ የማሳው ባለቤትም የቀን ክፍያው ከታሰበለት እኔም ወንፊት ይዤ እወጣለሁ ብዬዋለሁ። ለጊዜው ቅዳሜ ጠዋት ሜትርና ገመድ ይዘን ቦይውን ልንለካ ተቀጣጥረናል። የማሳው ባለቤት ይመሩናል፤ ቦይው ወንዙ ጋ ሲደርስ እንደሚታጠፍ በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ ያውቁታል።