ማሲንቆና ድምፅ ለመቅዳት አንድ መኝታ ቤት እንዴት አዘጋጀሁ

ክፍሉ 3 በ3.5 ሜትር የሆነ የኮንዶሚኒየም መኝታ ቤት ነው። ከያዝኩት ገንዘብ ግማሽ ያህሉ የወጣው ለክፍሉ እንጂ ለማይክ አይደለም፤ ዛሬም ብጀምር እንዲሁ ነው የማደርገው። ማይኩ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን፣ ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳ የሚመልሰውን ድምፅ አብሮ ይቀዳል። ያ ደግሞ ሚክስ ላይ (የተቀዱት ድምፆች ሲዋሐዱ) ዘፈኑን ሳይጎዳ አይወጣም።

መሃል ቆሜ አጨበጨብኩ። ከጭብጨባው ኋላ «ዝርርር» የሚል ነገር ከቀረ ሁለት ትይዩ ግድግዳዎች ድምፁን እየተቀባበሉት ነው። ለዚህ የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ከንቱ ድካም ነው፤ ከቀጭኑ ድምፅ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ወፍራሙን አይነካም፣ የጎረቤትንም ድምፅ አያግድም፣ በዚያ ላይ እሳት ቶሎ ይይዘዋል። ግድግዳውን ሁሉ በ3 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ መሸፈንም ያው ነው። «ሰ» እና «ሸ» ይደበዝዛሉ፣ የታችኛው ጉምጉምታ ግን እንዳለ ይቀራል።

እኔ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጣውላ፣ ቁመታቸው 120 ወርዳቸው 60 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 6 ክፈፎች አሠራሁ። 22 ሜትር ያህል ጣውላ ይፈጃል። ውስጣቸውን በአሮጌ የሱፍ ብርድ ልብስ ሳልጠቀጥቅ ሞላሁና በሁለቱም በኩል አቡጀዲ ወጠርኩ። ጨርቁን እፍ ብሎ መሞከር ነው፤ ትንፋሽ ካላሳለፈ ድምፅም ይመልሳል። ሲሰቀሉ ከግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር ይራቁ፤ ያ ክፍተት ወፍራሙን ድምፅ ለመያዝ ያግዛል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቀማመጡ ላይ ነው። ካርዲዮይድ ማይክ ከጀርባው ያለውን እምብዛም አይሰማም፤ የሚሰማው ፊት ለፊቱን፣ ማለትም ዘፋኙንና ከዘፋኙ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ክፈፎች ከዘፋኙ ኋላ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ አቆምኳቸው፣ ሁለቱን ጥግ ላይ፣ የቀሩትን ግራና ቀኝ።

የጎረቤት ሙቀጫ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ውቀጣው በሲሚንቶው ውስጥ ስለሚመጣ ምንም ክፈፍ አያስቆመውም። መፍትሔው ሰዓት መምረጥና የማይኩን እግር ወፍራም ስፖንጅ ላይ ማቆም ብቻ ነው።

ዕቃው ባጭሩ፦ ማይኩን ከላፕቶፑ የሚያገናኘው ኢንተርፌስ ፎከስራይት ስካርሌት ቱ-አይ-ቱ፣ ለድምፅ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ 2020 ማይክ (ከኢንተርፌሱ 48 ቮልት ይፈልጋል)፣ ለማሲንቆ ሹር ኤስኤም 57 ማይክ፣ ዝግ ሄድፎን። ኤስኤም 57 አስመስለው የሚሠሩት ብዙ ስለሆነ ሰክቼ ሳልሞክር አልገዛም። ኢንተርፌሱ ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ኃይል ስለሚያገኝ መብራት ቢሄድም ቀረጻው አይቋረጥም። «ህምም» የሚል ድምፅ ከመጣ ቻርጀሩን ነቅሎ ማየት ነው፤ ከጠፋ ምንጩ እሱ ነው፣ በባትሪ መቅዳት ይቻላል።

የመቅረጫ ፕሮግራሙን 24 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ፣ ባፈር (ላፕቶፑ ድምፁን አንዴ የሚያጠራቅምበት መጠን) 128 አደርገዋለሁ። ጠቅ ጠቅ ካለ ባፈሩ 256 ይሁን። ጌይኑን (የማይኩ ድምፅ የሚጎላበትን መጠን) ዘፋኙ በሙሉ ኃይሉ ሲጮህ ከኔጋቲቭ 10 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርጌ እተወዋለሁ። በልምምድ ላይ ቀስ ብሎ የዘፈነ ሰው የቀረጻው ቀይ መብራት ሲበራ ሌላ ሰው ይሆናል።

ማሲንቆ ላይ ማይኩ ቀስቱ ክሩን ከሚነካበት ቦታ ፊት ለፊት ከተቀመጠ የፈረስ ጭራው ፍትጊያ ዜማውን ይውጠዋል። ከቆዳው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ወደ ታችኛው ጠርዝ ቢያዘነብል ይሻላል። አዝማሪው እየመታ የሚዘፍን ከሆነ ሁለቱንም ማይኮች ቀረብ አደርጋለሁ፦ አንዱን ከአፉ 15፣ ሌላውን ከቆዳው 20 ሳንቲ ሜትር፣ በመካከላቸው ቢያንስ 60። ከዚህ ከተቀራረቡ አንዱ ድምፅ ሁለቱም ላይ በተለያየ ጊዜ ይደርስና ሲደመር ይቀጥናል። ከቀጠነ በፕሮግራሙ የአንዱን ፌዝ (የድምፁን ሞገድ ላይና ታች) ገልብጦ ማዳመጥ ነው።

ክራር የሚጨመር ከሆነ ቅኝቱ ከቀረጻው በፊት ይጠናቀቅ። ኪቦርድ የሚገባበት ሥራ ከሆነ ክራሩ በኪቦርዱ ይቃኝ፤ በተጫዋቹ ጆሮ የተቃኘ አንቺሆዬ ላይ ኋላ ኪቦርድ መደረብ ማስታረቅ የማይቻል ጸብ ነው። አውቶቲዩንም አልነካም፣ የድምፁን ማወዛወዝ እንደ ስህተት ቆጥሮ ያቃናዋል። በእርጥበት ቆዳው ስለሚላላ በየሁለት ቅጂው ቅኝቱን አያለሁ። በየፋይሉ መጀመሪያም ክሮቹን አንድ በአንድ መትቼ እቀዳለሁ፤ ከወር በኋላ አንድ መስመር መጨመር ካስፈለገ ክራሩን ከዚያው አዳምጬ እቃኘዋለሁ።