ምራትና አማት ከአንድ ጉሮሮ

የውጭ አገር ድራማ ላይ የራሳችንን ድምፅ በምንተካበት ቤት፣ የድምፅ ባለሙያችን ጋሼ ሁለት ወሬ ብቻ ነው ያላቸው። አንዱ ስለ ማይክሮፎን ሲሆን ሌላው በአሜሪካ ሬዲዮ ይተላለፍ ስለነበረው የጥንቱ የሱፐርማን ድራማ ነው። አዲስ ልጅ ለሥራ በመጣ ቁጥር ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍተው ሱፐርማንን የሠራውን ባድ ኮልየርን ያሰሙታል። ኮልየር «ይህ ሥራ የሱፐርማን ነው» የሚለውን ንግግር ሱፐርማን ራሱን በሚደብቅበት በጋዜጠኛው በክላርክ ኬንት ቀጭን ድምፅ ይጀምረዋል፤ ቃሉ አፉ ውስጥ እያለ ድምፁ ወፍሮ ሱፐርማን ሆኖ ይጨርሰዋል። ልብስ አይለወጥ፣ በር አይዘጋ፣ ነገሩ ሁሉ ጉሮሮ ውስጥ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1943 ክሪፕቶናይት የሚባለው መርዘኛ ድንጋይ በዚሁ ድራማ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ኮልየር ዕረፍት ሲፈልግ ሱፐርማን ድንጋዩ አጠገብ ይወድቃል፣ ሌላ ሰው ሲያቃስትለት ይሰነብታል ይባላል። ከዚህ የተነሳ እኛ ቤት ፈቃድ መጠየቅ «ክሪፕቶናይት መያዝ» ነው።

እኔን የያዘችኝ ግን በድራማው ጋዜጠኛዋን ሎይስ ሌንን የሠራችው ጆአን አሌክሳንደር ናት። ድራማው እ.ኤ.አ. በ1940 በኒው ዮርክ ሲጀመር ሎይስን በቅድሚያ ሮሊ ቤስተር፣ ቀጥሎም ሄለን ቾት ሠሯት፤ ከዚያ ጆአን ገባችና ሚናው የእርሷ ሆነ። ከ1941 እስከ 1943 ለሲኒማ በወጡት አሥራ ሰባት አጫጭር የሱፐርማን ካርቱኖች ላይም ሎይስ ስትናገር የሚሰማው የእርሷ ድምፅ ነው፤ ስሟ ግን አልተጻፈበትም። በፔሪ ሜሰን የሬዲዮ ድራማ የጠበቃው ጸሐፊ ዴላ ስትሪት ሆናም ሠርታለች። ጋሼ ደጋግመው የሚተርኩት ግን አንድ ነገር ነው፦ በአንድ ወቅት ከሎይስ ሚና አሰናበቷት፤ ተተኪ ሲፈተን መልኳን ለውጣ ከተፈታኞቹ ጋር ቀረበች፤ የገዛ ቦታዋን በገዛ ድምፅዋ አሸንፋ ወሰደች። ይህን ሲተርኩ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። እኔ ለጨዋታ ነበር የምሰማው።

ከዚያ እኔ የልጅቷ ድምፅ የሆንኩበት ተከታታይ ድራማ አዲስ ምዕራፍ ሊቀረጽ ሲል ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራኝ።

«እርስዎ እኮ ለዚህ ቤት እናት ነዎት» አለኝ። በእኔና በእርሱ መካከል ያለው የዕድሜ ልዩነት እናት የሚያሰኝ አይደለም። ሥራ ቤት ውስጥ ሰው ድንገት እናት የሚሆነው ወይ ገንዘብ ሊበደሩት፣ ወይ ሊያሰናብቱት ሲሆን ነው።

«ምን ልታዘዝ፣ ልጄ?» አልኩት።

«ለልጅቷ አዲስ ድምፅ እንፈልጋለን። ወጣት። ለእርስዎ አማቲቱን አዘጋጅተናል፤ ክብደት ያላት ሴት ናት።»

«ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሃያ ሁለት።»

«ባለፈው ምዕራፍስ?»

«ያው ሃያ ሁለት።»

«ታዲያ እርሷ ሳታረጅ እኔን ማን አስረጀኝ?»

ፈገግ አለና ብዕሩን አገላበጠ። ያን ጊዜ የጋሼ ትምህርት በአንድ ጊዜ ወጣልኝ። ጆአን አሌክሳንደር የተወለደችው በ1915 ነው፤ በ1966 ሱፐርማን ለቴሌቪዥን ካርቱን ሆኖ ሲሠራ አዘጋጆቹ አዲስ ድምፅ አልፈለጉም፤ ኮልየርን፣ ተራኪውን ጃክሰን ቤክንና ጆአንን መልሰው ጠሩ፤ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ሎይስ ግን ያችው ወጣት ጋዜጠኛ ናት፤ እያልኩ አወረድኩበት። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠኝ።

«እርሷ እኮ የሠራችው ካርቱን ነው» አለኝ።

የዚህ ነገር መልስ የመጣልኝ ደረጃውን ወርጄ ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬም ያንገበግበኛል። የእኛም ልጅ ለተመልካቹ ያው ካርቱን ናት፤ የሚታየው የውጭ አገሯ ተዋናይት ፊት ነው፣ የእኔን ፊት ማንም አያየውም። የሚያየው ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ ስንገናኝ። ያረጀሁት እርሱ ዘንድ እንጂ ማይክሮፎኑ ፊት አይደለም።

ለጋሼ ስነግራቸው አንድ ቃል አልተናገሩም። ቅዳሜ ከሰዓት ማንም በሌለበት ቀረጻ ክፍሉን ከፈቱልኝ። የፈተናው ክፍል ልጅቷ የአባቷን ሞት የምትሰማበት ነው። ጀማሪ ቃሉ ላይ ያለቅሳል፤ የተዋናይቷ ከንፈር ይዘጋል፣ የእርሱ ድምፅ ይቀጥላል፣ ትዕይንቱ ይበላሻል። ልቅሶ የሚገባው በሁለት ቃላት መካከል ባለው ትንፋሽ ውስጥ ነው። እንደ ጆአን መልኬን መለወጥ አላስፈለገኝም፤ ጋሼ ቅጂዎቹን ያለ ስም፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለው አስረከቡ።

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያዳመጠው፤ ይህን የነገሩኝ ጋሼ ናቸው። «መ» ላይ ሲደርስ እጁን አነሳ። «ይህች ገና ምንም ያልነካት ናት። ልጅነቷ ይሰማል። የሌሎቹ ትንፋሽ ይከብዳል» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናታችን ይህን ቢሰሙ ይገባቸው ነበር» አለ። ጋሼ ማዳመጫቸውን እያጸዱ፣ «ትያዝ?» አሉት። «ሰኞ ጠዋት መጥታ ትፈርም።»

ሰኞ ጠዋት ሄድኩ። ከወንበሩ ተነስቶ ከኋላዬ በሩን አየ።

«ልጅቷስ?»

«መጥታለች» አልኩት።

ፊቱ ላይ ያየሁትን ለመግለጽ ቀለም አላባክንም፤ ብዙ ዘመን የሚያቆይ ስንቅ ሆኖልኛል። ደግነቱ ሰውየው ቶሎ ይነቃል። ሳቀ፤ «እኔማ ከመጀመሪያውም ጠርጥሬአለሁ፤ ጆሮዬን ልፈትን ብዬ ነው» አለና ውሉን ወደ እኔ ገፋው። ክፍያው የጀማሪ ነበር። በጀቱ የጸደቀው ለአዲስ ድምፅ ነው፤ «መ» ደግሞ አዲስ ናት፤ እርሱ ራሱ በፊርማው አረጋግጧል። ክፋት ይሁን የሒሳብ ሥርዓት እስካሁን አልለየልኝም።

«ጆአን ብትሆን አትፈርምም ነበር» አሉ ጋሼ ተቆጥተው።

«እርሷ ተመልሳ ስትገባ ስንት ይከፍሏት ነበር?» አልኳቸው። ስለዚያ ድራማ ጠይቄያቸው ዝም ሲሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ፈረምኩ። አማቲቱንም አልለቀቅኩም፤ እርሷ የተያዘችው በነባር ሰው ዋጋ ነው። አሁን አማትና ምራት በሚጣሉበት ትዕይንት ሁለቱንም እኔ ነኝ። ምራቲቱ አንገቷን ደፍታ በጀማሪ ዋጋ ታለቅሳለች። አማቲቱ ስትነሳ ግን ትንፋሼን ሞልቼ፣ አንዲት ቃል ሳላስቀር፣ በሙሉ ክፍያ እሰድባታለሁ።