የእማዬ ክኒንና የአክስቴ ልጅ ብልቃጥ

የአክስቴ ልጅ ብልቃጡን ይዞ የመጣ ዕለት እማዬ ስሙ ጠፍቶባት ነበር። "የማን ልጅ ነህ አንተ?" አለችው። እሱ ሳቅ አለ። እኔ ግን ያን ቀን ምን ቢሰጠኝ እቀበል ነበር።

"የቻይና ባህላዊ መድኃኒት ነው። ከተክል ብቻ ነው የተሠራው፣ ምንም ጉዳት የለውም" አለኝ።

እማዬ አልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ከተባለች ሁለት ዓመቷ ነው። ማታ ማታ ዶኔፔዚል ትወስዳለች። ዶክተሩ "በሽታውን አያቆመውም፣ ለጊዜው ያግዛታል" ብለውናል። ይቺ "ለጊዜው" የምትባል ቃል እንዴት እንደምታናድደኝ! እናም አዲሱን ክኒን ጠዋትና ማታ ደረብኩላት። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

በአምስተኛው ቀን ምግብ አስጠላት። ከዚያ ማስመለስ፣ ተቅማጥ። ከወንበር ስትነሳ አዞራትና ግድግዳ ያዘች። የእጇን ትርታ ቆጠርኩ፦ በደቂቃ 46። ወትሮ ከ70 አይወርድም።

ብልቃጡን አገላብጬ ያነበብኩት ገና ያኔ ነው። "ሁፐርዚን ኤ" ይላል። ቻይናዎቹ "ሺህ ደርብ ግንብ" እያሉ ከሚጠሩት፣ ጥላ ሥር ከሚበቅል አጭር ተክል የሚወጣ ነው። ተክሉን ድሮ ለወለምታና ለእብጠት ይጠቀሙበት ነበር። ንጥረ ነገሩን ለይተው ያወጡት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነበሩ ቻይናውያን ተመራማሪዎች ናቸው።

ሥራው ምን መሰላችሁ? አንጎል ውስጥ ለማስታወስ የሚረዳ አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል አለ። ሁፐርዚን እሱን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ያግዳል። ዶኔፔዚልም የሚሠራው ይህንኑ ነው! ለካ አንድ ሥራ የሚሠራ መድኃኒት በሁለት ስም ነው ስሰጣት የነበረው። አሴቲልኮሊን ደግሞ አንጎል ውስጥ ብቻ አይቀመጥም፤ ልብን ያዘገያል፣ አንጀትን ያጣድፋል።

ከተክል መምጣቱን አልንቅም። የወባው መድኃኒት አርቴሚሲኒንም ከዚያው ከቻይና ባህላዊ ሕክምና ነው የተገኘው፤ ያገኙት ቻይናዊት ሳይንቲስት ቱ ዩዩም በ2015 (እ.ኤ.አ.) ኖቤል ተሸልመውበታል። ግን ከተክል የመጣ ነገር ሲሠራ ያው መድኃኒት ነው፤ መጠን አለው፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ጠብ አለው። ለዚያውም አሜሪካ ውስጥ 210 የአልዛይመር ሕሙማን ላይ ሁፐርዚን ተሞክሮ ውጤቱ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ፣ በቀን ሁለቴ 200 ማይክሮግራም የወሰዱት በማስታወስ ፈተናው መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ከወሰዱት የተሻለ አላመጡም። የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው "ታዲያ ጊንኮስ?" አለኝ። ለማስታወስ ይረዳል እየተባለ የሚወሰድ የዛፍ ቅጠል መድኃኒት ነው። እሱም 3,069 አረጋውያን ላይ ተሞክሮ የመርሳት በሽታን አላስቀረም። ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ደግሞ መድማት ሊያመጣ ይችላል።

ያኑ ዕለት ለዶክተሩ ደወልኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። "የብልቃጡን አቁምና አሁኑኑ ይዘሃት ና። ቤት ያለውን ክኒን ሁሉ በፌስታል አድርገህ አምጣው" አሉኝ።

መኪና ውስጥ ፌስታሉን እማዬ ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘችው። ነቅነቅ አደረገችው።

"ይሄ ሁሉ ክኒን የማነው?"

"ያንቺ ነው፣ እማዬ።"

"እኔ ደግሞ ምን ሆንኩና!"